ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ጊዜ ያላችሁ አሁኑኑ፣ የሌላችሁ ማታ አንብቡት። ልጅ ያላችሁ፣ ታናሽ ወንድምና እህት ያላችሁ ግን በተለይ እንዳታልፉት።

መስቀልን አክብረን በማግስቱ፣ መስከረም 18፣ በዓለም ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ተብሎ ይታሰባል። ቀኑ የተመረጠው የበሽታውን የመጀመሪያ ክትባት የሠራው ሉዊ ፓስተር ያረፈበት ስለሆነ ነው። እኛ ጋ ግን ያው ከበዓል ድካም ጋር ዝም ብሎ ያልፋል። ጩኸቱ የሚጀምረው አንድ ልጅ ሲሞት ነው። ያን ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ ዱላ ይዞ ውሻ ያሳድዳል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይረሳል።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር። የእብድ ውሻ በሽታ እኛን የሚገድለን መከላከያ ጠፍቶለት አይደለም። እንዲያውም ከሚገድሉ በሽታዎች ሁሉ ይሄኛው ቀጠሮ የሚሰጥ ነው። ከተነከስን በኋላ ብዙውን ጊዜ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይጠብቀናል። ያንን ጊዜ የምናባክነው እኛው ነን። ሁለተኛው ሐሳቤ ደግሞ ይሄ ነው፦ ልጆቻችንን ከምንም በላይ የሚጠብቃቸው መርፌ እነሱ ክንድ ላይ የሚወጋው ሳይሆን ውሻው ላይ የሚወጋው ነው። ሁለቱንም ላስረዳ።

በነገራችን ላይ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዲፕሎማ ያለኝ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የምጽፈው ክፍል ውስጥ የማስተምረውንና ማንም አንብቦ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ነው። የተነከሰ ሰው ካለ የእኔን ፖስት ሳይሆን ጤና ጣቢያ ነው ማየት ያለበት።

መጀመሪያ በሽታው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ቫይረሱ ያለው በታመመው እንስሳ ለሃጭ ውስጥ ነው። ሲነክስ ለሃጩ ከጥርሱ ጋር ቁስሉ ውስጥ ይገባል። እዚያው ጡንቻ ውስጥ ትንሽ ከተባዛ በኋላ ነርቭ ውስጥ ይገባል። እንደ ሌሎች ብዙ ቫይረሶች በደም ውስጥ አይሮጥም። በነርቭ መስመር ቀስ እያለ፣ በቀን በሚሊ ሜትርና በሴንቲ ሜትር የሚለካ መንገድ እየተጓዘ፣ ወደ አከርካሪ ከዚያም ወደ አንጎል ይወጣል።

ለተማሪዎቼ ሁሌ የምነግራቸው ምሳሌ አለኝ። አንድ ክፉ ሰው ከጎርጎራ በደንገል ታንኳ ተነስቶ ጣናን አቋርጦ ወደ ባሕር ዳር እየቀዘፈ ነው እንበል። መንገዱ ረጅም ነው፣ ታንኳ ደግሞ ፈጣን አይደለችም። ዛሬውኑ ሞተር ጀልባ አስነስተን ብንከተለው ሐይቁ ላይ እንደርስበታለን። ወደብ ላይ ከወረደና ከተማ ከገባ በኋላ ግን አለቀ። ሞተር ጀልባው ክትባቱ የሚያስነሳው የሰውነታችን መከላከያ ነው፤ ወደቡ አንጎላችን ነው። እግሩን የተነከሰ ሰው ታንኳው ከጎርጎራ እንደተነሳ ነው። ፊቱን ወይም አንገቱን የተነከሰ ልጅ ግን ታንኳው ከዘጌ ነው የተነሳው፤ ቅርብ ነው። ሕፃናት ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ውሻ በቀላሉ ፊታቸውና ጭንቅላታቸው ላይ ይደርሳል። በዚህ ላይ ደግሞ እንቁጣታለን ብለው ፈርተው ለቤተሰብ አይናገሩም። በዓለም ላይ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል።

ምልክቱ፣ ማለትም ትኩሳቱ፣ የተነከሰው ቦታ መቆጥቆጡ፣ ውኃ መፍራቱ፣ መቃዠቱ ከጀመረ ግን በሽታው ሁልጊዜ በሚባል ደረጃ ገዳይ ነው። ያኔ ሐኪሙም ያለው አማራጭ ማስታገስ ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ክትባቱ ከተነከስን በኋላ ተሰጥቶ እንዴት ይሠራል? ብዙ ሰው ይሄ ግር ይለዋል። "ክትባት ከበሽታ በፊት አይደል እንዴ የሚሰጠው?" ይላሉ። ልክ ናችሁ፣ ይሄም ከበሽታው በፊት ነው የሚሰጠው፤ ከንክሻው በኋላ ይሁን እንጂ። ታንኳው ገና ሐይቅ ላይ ነውና።

ክትባት የሚለውን ቃላችንን ደግሞ እወደዋለሁ። ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው። አንገት ላይ የሚታሰረው ክታብም ከዚሁ ቃል የወጣ ነው። ክትባት የጠላትን መልክ ሰውነታችን ውስጥ መጻፍ ማለት ነው። የሞተ ቫይረስ ይሰጠናል፤ ነጭ የደም ሕዋሶቻችን መልኩን አይተው አንቲቦዲ የሚባለውን መሣሪያ ማምረት ይጀምራሉ። ምርቱ ግን በአንድ ቀን አይደርስም። ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። መርፌው በተነከስንበት ቀን፣ ከዚያ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛው ቀን እየተደጋገመ የሚሰጠው ለዚህ ነው (እንደ አሰጣጡ የሚጨመር ወይም የሚቀነስ ቀን ሊኖር ይችላል፤ ሐኪሙ ያለውን ተከተሉ)። አንድ ጊዜ ጽፎ መተው ሳይሆን ደጋግሞ ማድመቅ ነው። ሁለት መርፌ ወስዶ "ደህና ነኝ፣ ምንም አልተሰማኝም" ብሎ የሚያቋርጥ ሰው ሞተር ጀልባውን ሐይቁ መሃል ነዳጅ ጨርሶ አቆመው ማለት ነው።

ቁስሉ ከባድ ከሆነ፣ ደም ካለው፣ በተለይ ፊትና እጅ ላይ ከሆነ፣ ከክትባቱ ጋር ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል ነገር ቁስሉ ዙሪያ ይወጋል። ይሄ ክትባት አይደለም። ከሌላ ከተከተበ ሰው ወይም ፈረስ ደም የተወሰደ ዝግጁ አንቲቦዲ ነው። የራሳችን ጦር ሰልጥኖ እስኪወጣ ድረስ የተበደርነው ጦር በሉት። ችግሩ ውድ ነው፤ አገራችን ውስጥም እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ድሃም ሀብታምም እኩል ያለው የመጀመሪያ መሣሪያ ምን መሰላችሁ? ሳሙና። ይህ ቫይረስ ውጫዊ ሽፋኑ ስብ ስለሆነ ሳሙና ያፈርሰዋል። የተነከሰውን ቦታ ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ። አምስት አይደለም፣ አሥራ አምስት። ቡና አይነሰነስበት፣ አመድ አይደረግበት፣ በጨርቅ ጥፍር ተደርጎ አይታሰር። ታጥቦ፣ አዮዲን ወይም አልኮል ካለ ተቀብቶ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም።

ፓስተር ይህን የጊዜ እሽቅድምድም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ የሞከረው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 ነው። ጆሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ በእብድ ውሻ ክፉኛ ተነክሶ እናቱ ፓሪስ ድረስ ይዛው መጣች። ፓስተር በበሽታው የሞቱ ጥንቸሎችን አከርካሪ አድርቆ ያዘጋጀውን 13 ጊዜ አስወጋው። ልጁ ተረፈ፤ ትልቅ ሰው ሆኖም ኖረ። እናቲቱ ከአልዛስ ፓሪስ ድረስ የሄደችው በዚያ ዘመን ባቡር ነው። እኛ ዛሬ ከሰፈራችን ጤና ጣቢያ ለመሄድ ስንት ቀን እንደምንወስድ አስቡት።

አሁን ወደ አንድ ትልቅ ፍርሃት ልምጣ። ብዙ ወላጆች "ሆዱ ላይ የሚወጋው መርፌ" ሲሏችሁ ሰምታችኋል። ፍርሃቱ ከመሬት የመጣ አይደለም። አዲስ አበባ ጉለሌ ያለው፣ ሰው እስከ ዛሬ ፓስተር እያለ የሚጠራው፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለአሥርተ ዓመታት ክትባቱን የሚያዘጋጀው በበግ አንጎል ላይ ቫይረሱን በማሳደግ ነበር። በየቀኑ፣ ለሁለት ሳምንት ገደማ፣ ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ያማል። ስንት ሰው ግማሽ መንገድ ላይ አቋርጧል! ግን ያንኑ ክትባት ጨርሰው የዳኑ ብዙ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ውለታው አይካድም።

ያ ክትባት ከሕመሙ ሌላ አንድ የተደበቀ ችግር ነበረበት። ይሄ ደግሞ ስለ ሰውነታችን መከላከያ ትልቅ ትምህርት ነው። የነርቭ ክሮቻችን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲክ የሚሸፍናቸው ማይሊን የሚባል ነገር አላቸው። የትልቅ በግ አንጎል በማይሊን የተሞላ ነው። ስለዚህ መርፌው ውስጥ ከሞተው ቫይረስ ጋር የአንጎል ማይሊንም አብሮ ይገባል። ከብዙዎቹ መካከል በጥቂቶቹ ላይ ሰውነት ይሳሳትና ማይሊኑንም እንደ ጠላት ይጽፈዋል። ከዚያ የራሱን ነርቭ ማጥቃት ይጀምራል፤ ሽባነት ይመጣል። ጦሩ የራሱን ከተማ ከበበ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ቶማስ ሪቨርስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህንኑ ለማጣራት ጤነኛ የአንጎል ሕብረ ሕዋስ ብቻ ዝንጀሮዎችን ደጋግሞ ወጋ። ቫይረስ ሳይኖርበት ዝንጀሮዎቹ ሽባ ሆኑ። ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸውን እንደ መልቲፕል ስክለሮሲስ ያሉ በሽታዎች ለመረዳት በር የከፈተው ይሄ የእብድ ውሻ ክትባት ጣጣ ነው።

መፍትሔውም ከዚያው መጣ። እ.ኤ.አ. በ1955 ቺሊ ውስጥ ፉዌንሳሊዳና ፓላሲዮስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ገና የተወለደ የአይጥ ግልገል አንጎል ማይሊን የለውም ማለት ይቻላል ብለው በእሱ ላይ ሠሩት። በኋላ ደግሞ አንጎል የሚባል ነገር ጭራሽ ቀርቶ ቫይረሱን ላቦራቶሪ ውስጥ በሚያድጉ ሕዋሶች ላይ ማሳደግ ተቻለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ አገሮች ከአንጎል የሚሠራውን ትተው ወደዚህኛው እንዲሻገሩ ሲወተውት ቆይቷል። ይሄኛው ክንድ ላይ ነው የሚወጋው፤ ለሕፃን ጭን ላይ። ነፍሰ ጡርም የምታጠባ እናትም መውሰድ ትችላለች። ስለዚህ እናቶች፣ አባቶች፣ የምትፈሩት መርፌ የድሮው ነው። ልጁን ለመርፌው ሳይሆን ለበሽታው ፍሩለት።

ቀጥሎ በውስጥ መስመር የሚመጡልኝን ጥያቄዎች በአንድ ላይ ልመልስ። "ቲቸር" ብሎ የሚጀምር መልእክት ሁሉ ስለ ውጤት አይደለም፤ አንዳንዱ ስለ ንክሻ ነው።

"ቲቸር፣ ቡችላ እኮ ነው፣ ሁለት ወሩ ነው።" ቡችላም ይታመማል፣ ያስተላልፋልም። እንዲያውም ልጆች አቅፈው የሚጫወቱት እሱን ስለሆነ የበለጠ ያሳስባል። ድመትም እንደዚሁ።

"ቆዳዬን ጫር ነው ያደረገኝ፣ ደም የለውም።" ደም ባይኖረውም የተጫረ ቆዳ ክትባት ይፈልጋል። ቁስል ላይ መላሱም እንደ ንክሻ ይቆጠራል። ጤናማ፣ ምንም ያልተላጠ ቆዳ ላይ ከላሰ ግን መታጠቡ ይበቃል።

"ውሻው የጎረቤት ነው፣ ደህና ነው።" ጥሩ፣ እንግዲያው እሰሩትና 10 ቀን ጠብቁት። ታማሚ ውሻ ቫይረሱ ለሃጩ ላይ የሚወጣው ምልክት ከማሳየቱ ጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ ነው፤ ከዚያ ይታመማል፣ ይሞታል። በ10 ቀን ውስጥ ምንም ካልሆነ በነከሰበት ሰዓት ለሃጩ ላይ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ግን ልብ በሉ፦ 10 ቀን የሚጠበቀው ክትባቱ ተጀምሮ ነው። ውሻው ደህና ከሆነ ሐኪሙ ያቋርጠዋል። ክትባቱን ሳይጀምሩ ውሻ መጠበቅ ለታንኳው የ10 ቀን መንገድ መስጠት ነው።

"ደሜን ተመርምሬ ነጻ መሆኔን ባውቅስ?" አይሆንም። ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ስለሚሄድ በዚያ ጊዜ ሰውነት ገና አላየውም፤ በደም ምርመራ የሚገኝ ነገር የለም። "ነጋቲቭ" የሚል ወረቀት ይዞ መቀመጥ ራስን መሸወድ ነው። ላቦራቶሪ የሚጠቅመን ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ውሻው ላይ።

ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ስለዚህ ላብራራው። እ.ኤ.አ. በ1903 ኔግሪ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም በታመሙ እንስሳት አንጎል ሕዋስ ውስጥ በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ነጠብጣቦች አገኘ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ እንደነበር ተመዝግቧል፤ በሽታው ለእኛ አዲስ እንግዳ አይደለም። ነጠብጣቡ ግን ሁልጊዜ አይታይም። ዛሬ የሚታመነው ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1958 ለዚህ በሽታ የተዘጋጀው የሚያበራ አንቲቦዲ ምርመራ ነው። አሠራሩ ቀላልና የሚያምር ነው። ከሞተው ውሻ አንጎል ትንሽ ተወስዶ መስታወት ላይ ይለጠፋል። በላዩ የሚያበራ ቀለም የታሰረበት አንቲቦዲ ይፈስበታል። አንቲቦዲ የሚይዘው የሚያውቀውን ጠላት ብቻ ነው፤ ቫይረሱ ካለ ይጣበቃል፣ ከሌለ ሲታጠብ ይሄዳል። ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ በልዩ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ቫይረሱ ያለበት ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። በሰዓታት ውስጥ መልስ ይሰጣል። ያ ሰውነታችን የሚሠራው መሣሪያ እዚህ ደግሞ መርማሪ ሆኖ አገለገለ ማለት ነው።

ግን ሰፈር ውስጥ ምን እናደርጋለን? ውሻውን ጭንቅላቱን በድንጋይ ፈጥፍጠን ገደል እንጥለዋለን፤ ማስረጃውን አብረን ቀበርነው። የነከሰ ውሻ የግድ ከተገደለ ጭንቅላቱ አይመታ። ማንም ሰው በባዶ እጁ አይንካው፤ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ናሙናው በበረዶ ተይዞ ወደሚመረምር ላቦራቶሪ መሄድ አለበት። ውጤቱ እስኪመጣም ክትባቱ አይቆምም።

አንድ ነገር ልጨምር። የሰውነት መከላከያ አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች፣ ለምሳሌ ኤች አይ ቪ ኖሮባቸው ሕክምና ያልጀመሩ፣ የካንሰር መድኃኒት ላይ ያሉ፣ መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ፣ መርፌውን ቢወስዱም ጽሑፉ ደብዝዞ ሊጻፍ ይችላል። እነሱ ሙሉውን ዙር ያለ ቅነሳ ከነኢሚውኖግሎቡሊኑ መውሰድ ይኖርባቸዋል። በኋላም የሚቻል ከሆነ ደማቸው ውስጥ በቂ አንቲቦዲ መኖሩ ይለካል፤ መስፈሪያውም በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። ስለዚህ ስትነከሱ ያለባችሁን ሕመምና የምትወስዱትን መድኃኒት ለሐኪሙ አትደብቁ። ይሄ የሐሜት ጉዳይ አይደለም፣ የሕይወት ጉዳይ ነው።

አሁን ጥንቃቄ ወደሚፈልገው ቦታ ልግባ፤ በቅንነት አንብቡልኝ። ሰው ሲነከስ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጠበል ወይም ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ነው። እምነት አልነካም፤ እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ግን ጠበሉ "ሳሙና አትንካ፣ ሐኪም ቤት አትሂድ" ብሎ አያውቅም። ታጥባችሁ፣ የመጀመሪያውን መርፌ ወስዳችሁ ጠበላችሁን ጠጡ፤ ማን ከለከለ? የባህል መድኃኒቱን ግን በክትባት ምትክ አትውሰዱ። "እገሌ ሥር ጠጥቶ ዳነ" የሚባለውን እስቲ አስተውሉ፦ የነከሰው ውሻ እብድ መሆኑን ማን አረጋገጠ? እብድ ውሻ የነከሰው ሁሉም እንደማይታመም ደግሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ዕድለኛው ተረፈና ምስጋናውን ሥሩ ወሰደው። ያልተረፈው መጥቶ አይመሰክርም። አንዳንድ ቦታ ደግሞ መድኃኒቱን የጠጣ ሰው ወንዝ እንዳይሻገር ይባላል ሲሉ ሰምቻለሁ። እስቲ አስቡት፣ ዓባይ ማዶ የሚኖር ሰው ዓባይን አትሻገር ከተባለ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል እንዴት ይደርሳል? ከደቅ ደሴት ጀልባ ጠብቆ መምጣት ያለበትስ?

በሌላ በኩል ጥፋቱን ሁሉ በተጎጂው ላይ መጫን ግፍ ነው። ልጁን ይዞ ሄዶ "ክትባቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዙ" የተባለና ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ሲንከራተት የዋለ አባት አውቃለሁ። አንዱን ገዝቶ ለሁለተኛው ብር ያጠረው ሰውም አውቃለሁ። ለአራት መርፌ አራት ጊዜ ከገጠር ተመላልሶ መምጣት ለቀን ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሕዝቡን "አትዘግይ" ለማለት ክትባቱ ሲመጣ ሊያገኘው ይገባል።

ለዚህም ነው ዋናው ሐሳቤ ውሻው ላይ ነው ያልኩት። በዓለም ላይ ለሰው ከሚተላለፈው የዚህ በሽታ እስከ 99 በመቶው ከውሻ ነው። በየዓመቱም 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞትበት ይገመታል፤ አብዛኛው አፍሪካና እስያ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያም ጫናው ከበዛባቸው አንዷ ናት። ምንጩን ትቶ ጫፉ ላይ ሰው በሰው እየከተቡ መኖር ቧንቧው እየፈሰሰ ወለል መወልወል ነው።

"እንግዲያው ውሾቹን እንጨርሳቸዋ!" የሚል አይጠፋም። በከተሞቻችን በመርዝ የመግደል ልማድም የቆየ ነው። ግን አይሠራም። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ፍሎሬስ የምትባል ደሴት አለች። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲገባባት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች ተገደሉ። በዙሪያዋ ባሕር ያላት ደሴት ናት፤ በሽታው ግን አልጠፋም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተገደለው ውሻ ቦታና ቆሻሻ ባዶ አይቀርም፤ ያልተከተበ አዲስ ውሻ ይመጣበታል። የተከተበውም አብሮ ይገደላል። ከ10 ውሾች 7ቱን መከተብ ግን ሰንሰለቱን ይበጥሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያም ይኸው 70 በመቶ ነው። ሜክሲኮ ውሾቿን ለዓመታት በዘመቻ ከትባ እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ የሚመጣውን የሰው ሞት ያጠፋች የመጀመሪያዋ አገር ተብላ ተመስክሮላታል።

"እኛ አንችልም" አትበሉኝ። እኛ እንስሳ ከትበን በሽታ ያጠፋን ሕዝብ ነን። የክፉ ቀን ዘመን ከብታችንን የፈጀውን የደስታ በሽታ አስታውሱ። በክትባት ነው ከምድረ ገጽ የጠፋው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም በይፋ ሸኘው። አፋር በረሃ ድረስ ክትባት ይዘው የገቡት የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ባሌ ተራሮች ላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮ በዚህ በሽታ እንዳያልቅ ተብሎ በዙሪያው ያሉ የገበሬ ውሾች ይከተባሉ። ደስ የሚል ሥራ ነው። ለቀይ ቀበሮ ሲባል የገበሬ ውሻ ከተከተበ፣ ለሰፈራችን ልጆች ሲባል የሽምብጥና የድባንቄ ውሻ መከተብ እንዴት ያቅተናል?

ስለዚህ የምለው ይሄ ነው።

የከተማ አስተዳደርና የእንስሳት ጤና ሰዎች፦ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ፣ በየቀበሌው የሚካሄድ የውሻ ክትባት ዘመቻ። በመርዝ የሚወጣው ወጪ ለመርፌ ይዋል።

ሥጋ ቤቶች፦ ጨጓራና አጥንት መንገድ ዳር አትጣሉ። ማታ ማታ መንጋውን ሰፈራችን የሚሰበስበው እሱ ነው።

ውሻ ያላችሁ፦ ውሻችሁን አስከትቡ፣ ወረቀቱን አስቀምጡ። "የእኔ ከግቢ አይወጣም" አትበሉ፤ እብዱ ውሻ አጥር ዘሎ ይገባል።

መምህራን ባልደረቦቼ፦ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ለልጃገረዶች ትምህርት ቤት ድረስ ሲመጣ አይተናል። ትምህርት ቤት ለጤና ሥራ እንደሚመች ይሄው ታይቷል። ለዚህኛው መርፌ እንኳ አያስፈልገንም፤ በጠዋት ሰልፍ አምስት ደቂቃና ሚኒ ሚዲያው ይበቃሉ። ልጆች ሦስት ነገር በቃላቸው ይያዙ፦ ከተነከስክ ለቤተሰብ ተናገር፣ 15 ደቂቃ በሳሙና ታጠብ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድ።

ወላጆች፦ ልጅ ውሻ ነከሰኝ ብሎ ሲመጣ አትቆጡት። የተቆጣችሁት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃችኋል። ይህ በሽታ ደግሞ የተደበቀለትን ሰው ይወዳል።

የምትስማሙም የማትስማሙም ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ። የጤና ባለሙያ ተማሪዎቼ፣ የምታርሙት ወይም የምትጨምሩት ካለ በደስታ አነባለሁ። በቤተሰብና በዕድር ግሩፖቻችሁ አጋሩት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ቸር ያሰማን።